የወደቅኩበት ሽምግልና

እኔ በሙያዬ ወዳቂ ነኝ። ሰው ተዋናይ ይለኛል፣ ኮሜዲያን ይለኛል፣ ባለቤቴ ስትናደድ የምትለኝ ደግሞ ሌላ ነው፤ ነገሩ ሲጠቃለል ግን አገር ቤት እንጀራዬን የበላሁት በመውደቅ ነው። ከደረጃ ወድቄያለሁ፣ ከበቅሎ ወድቄያለሁ፣ ከአልጋ፣ ከአጥር፣ ውሃ ከሞላ ባልዲ ጋር ከጣሪያ ወድቄያለሁ። በመድረክ ጀመርኩ፤ ከዚያ የእሁድ ከሰዓት የቴሌቪዥን ድራማ መጣ፤ ከዚያ በቪዲዮ ካሴት የሚከራየው ፊልም፤ ከዚያ ሲኒማ ቤት በር ላይ ሰው የሚያሰልፈው። መሣሪያው ይለዋወጥ እንጂ የሚወድቅ ሰው የማይፈልግ ዘመን አላየሁም።

ዋና ተዋናይ ሆኜ አላውቅም። ይኸው ራሴ ተናገርኩት፣ ማንም እንዳይደክም። ዋናው ተዋናይ ያፈቅራል፣ ዝናብ ውስጥ ቆሞ ያለቅሳል፣ መጨረሻ ላይ ያገባል። እኔ በር እከፍትለታለሁ። ዘበኛ ነበርኩ። ታሪኩ ይለወጣል፣ ቪላው ይለወጣል፣ የምትፈቀረዋም ልጅ ትለወጣለች፤ ዘበኛው እኔው ነኝ። ካፖርቱ ሳይቀር የራሴ ነበር። ፊልም ሠሪዎቹ ሲደውሉ «ካፖርትህን ይዘህ ና» ብለው ይዘጉታል፤ ምን እንደምሠራ የሚነግረኝ እንኳን የለም። አንድ ጊዜ ብቻ ዳኛ አደረጉኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ! ጢሜን ተስተካክዬ፣ ካባውን ለብሼ፣ በክብር ቁጭ ስል ወንበሩ ተሰበረ። ለካ እግሩን በመጋዝ ከርክረው ያዘጋጁት እነሱው ናቸው። ድርሰቱ ላይ ተጽፏል አሉ፤ እኔ ያቺን ገጽ አላነበብኳትም።

ሕዝቡ የሚወድልኝ አንዲት ነገር ነበረች። ዱላዬን ተደግፌ ቆሜ አንቀላፋለሁ። የጌታዬ መኪና ክላክስ ሲያደርግ ደንግጬ እነቃና ለአጥሩ ሰላምታ እሰጣለሁ። ስዞር ዱላው እግሬ መሃል ይገባል። ከዚያ በቃ፣ መጀመሪያ ቆቤ፣ ቀጥሎ እኔ። አወዳደቄ የራሱ ሥርዓት ነበረው፤ እጅ ወደፊት ይዘረጋል፣ ሆድ መሬት ላይ ሸርተት ይላል፣ አገጭ ቀና ይላል፣ መጨረሻ ላይ የጌታዬን ጫማ እቅፍ አደርጋለሁ። ጫማውን ሳቅፍ ነው አዳራሹ የሚፈርሰው።

የመጀመሪያው አወዳደቄ ግን እውነተኛ ነበር። ገና ጎረምሳ ሆኜ አንድ ትልቅ ቴያትር ላይ የተሰጠኝ ሥራ ብርሌ በትሪ ይዤ መግባት፣ ለመኳንንቱ አቅርቤ እጅ መንሳትና መውጣት ነው። አንዲት ቃል እንኳን የለኝም። ስገባ የምንጣፉ ጫፍ ያዘኝና ከነትሪዬ ተዘረርኩ። አዳራሹ በሳቅ አበደ። እኔ በኀፍረት ልሞት ምንም አልቀረኝ፣ አዘጋጁ ደግሞ ከመጋረጃው ኋላ «ነገም እንደዚሁ!» እያለ ይጮህብኛል። ያን ጊዜ ከተመልካቹ መሃል አንዲት ልጅ ብድግ አለች። ደረጃውን ወጥታ፣ ቴያትሩ እየታየ፣ ሰው ሁሉ እያያት አጠገቤ ተንበረከከች። ነርስነት ትማር ነበር። የእጄን አንጓ ይዛ «ራስህን መታህ? ይሄ ስንት ጣት ነው?» ትለኛለች። ሕዝቡ እሷም የድርሰቱ አካል መስላው ጭብጨባውን አቀለጠው። ያቺ ልጅ ባለቤቴ ናት።

ከዚያ ቀን ወዲህ በእኔ መውደቅ ስቃ አታውቅም። የመጀመሪያ ቀን ትርኢቶቼን አንድም አትቀርም፤ ለብሳ፣ ተኳኩላ ከፊት ትቀመጣለች፤ ልወድቅ ስል ግን ዓይኗን ጭፍን ታደርጋለች። «እስቲ አንድ ቀን እንኳን እይልኝ» ስላት «ያንተን አጥንት መሰበር ነው የማየው? ሌላው ይሳቅልህ» ትለኛለች። ሌላውማ ሳቀ። አገር በሙሉ ይስቃል፣ ቤቴ ያለችው አትስቅም። ይኼ ነገር አንጀቴን ስንት ዘመን እንዳቃጠለው እኔ ነኝ የማውቀው።

ዲቪ የደረሰው ለእሷ ነው። እኔ እንደ ሻንጣ ተያይዤ መጣሁ። ሦስተኛው መንገደኛ ልጃችን ነበር፤ ልጃችን የምለው የባለቤቴን የእህት ልጅ ነው፣ እናቱ ስትሞትበት በእቅፍ ነው የወሰድነው፤ በሕግም የእኛ አድርገነዋል። አትላንታ ገብተን ስኮትዴል አፓርትመንት ተከራየን። እሷ ሆስፒታል ሥራ ገባች። እኔስ? መቼም የተጻፈልኝን ማን ይፍቀው፣ ፒችትሪ ኮርነርስ አንድ የቢሮዎች ግቢ በር ላይ ሴኪዩሪቲ ሆኜ ተቀጠርኩ። አገር ቤት ስጫወተው የኖርኩትን ዘበኛ አሜሪካ ዩኒፎርም አልብሳ አጸደቀችው። አንድ ቀን የኛ ሰው የሆነ ሹፌር ዕቃ ሊያደርስ መጥቶ በሩ ላይ አገኘኝና ፓርክ አድርጎ ወረደ። «የደበቃችኋት ካሜራ የት ናት?» እያለ ቁጥቋጦውን ሁሉ ፈተሸ። «ሥራ ላይ ነኝ ወንድሜ፣ መታወቂያ» ስለው ሳቁ ጭራሽ ባሰበት።

በዚህ ከተማ የማይሳቅብኝ ቦታ የለም። ብራያርክሊፍ መንገድ ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች አንዱ ስገባ «እስቲ ያቺን አወዳደቅ!» የሚል አይጠፋም፤ ጉልበቴ ስንት መርፌ እንደተወጋ ማን ይጠይቃል። ከሁሉ የከፋው ለቅሶ ቤት ነው። ሐዘን ለመድረስ ጥቁር ለብሼ ገብቼ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ስል በክፍሉ ውስጥ ያለው ትከሻ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። አንዷ ባሏ የሞተባት ሴትዮ ነጠላዋን ነክሳ ነክሳ አልሆን ሲላት «ውይ፣ እሱም በጣም ነበር የሚወድዎት» ብላ ወደ ጓዳ ሮጠች። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ ለቅሶ ቤት ስንሄድ አንገትህን ደፍተህ ጥግ ያዝ ትለኛለች። እኔም ጥግ እይዛለሁ።

እና ሰው እንደ ሰው የሚያየኝ መቼ ነው? በኛ ወግ አንድ ሰው ሸምግሎ፣ ጠጉሩ ነጭቶ ለሽምግልና ካልተጠራ ምኑን ኖረው? የተጣላ ባልና ሚስት ሊያስታርቅ፣ ልጅ ሊጠይቅ እከሌ ይጠራ ሲባል የኔ ስም አንድም ቀን ተነስቶ አያውቅም። ከእኔ በዕድሜ የሚያንሱ፣ ሁለት አረፍተ ነገር የማያገጣጥሙ ሰዎች ሱፍ ለብሰው ሲሄዱ አያለሁ። አልቀናም እላለሁ እንጂ እቀናለሁ።

ይኼ ሁሉ እንዲህ እያለ ልጃችን አደገ፣ ኮሌጅ ጨረሰ፣ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ሥራ ያዘ፣ ልጅ ወደደ። የወደዳትን ልጅ ቤታችን ሲያመጣት ባለቤቴ ወደ ኩሽና ገብታ አለቀሰች፤ የእህቷን ዓይን በልጁ ፊት ላይ ሲስቅ አይታ ነው። ልጅቷ እንደሷው ነርስ ናት፣ ጨዋ ናት፣ ወጥ ጨርሳ ትበላለች። አባቷ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ግዊኔት ውስጥ ትልቅ ቤት ያለው፣ በስደት በሱዳን በኩል ስንት መከራ አይቶ የመጣ፣ በቤተ ክርስቲያን የተከበረ፣ ፊቱ እንደ ተቆለፈ በር የሆነ ሰው ነው። በእኔ ዕድሜ ነው። ሲስቅ ያየው ሰው የለም ይባላል።

ወጉ ወግ ነውና ሦስት ሽማግሌ ላክን። አፈ ጉባኤያቸው አገር ቤት የባንክ ሥራ አስኪያጅ የነበሩ፣ ንግግር የሚያውቁ አዛውንት ናቸው። ሁለተኛው ጆሯቸው ትንሽ የከበደ፣ ጥቁር ሱፍና ሰፊ ቫን ስላላቸው ከየትኛውም ሽምግልና የማይቀሩ ሰው ናቸው፤ ሥራቸው ራስ መነቅነቅ ነው። ሦስተኛውን ተዉት። እኔ ቤት ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ፤ አባት ሽማግሌ ሆኖ አይሄድም።

ተመልሰው ሲመጡ ፊታቸው ጥሩ አልነበረም። አፈ ጉባኤው ተቀመጡ፣ ውሃ ጠጡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጁን አልጠሉትም» አሉ። «ማን አሳደገው ብለው ጠየቁን። ነገርናቸው።»

«እሺ?»

«ልጄን ለቀልደኛ ቤት አልሰጥም አሉ።»

ደሜ ፈላ። ቀልደኛ! እሱ ስደት ላይ ሆኖ በቪዲዮ ካሴት የእኔን ጨዋታ እያየ ልቡን ያጽናና እንደነበር ማን ያውቃል? ተነስቼ ክፍሉን ዞርኩት፤ ጠረጴዛው ጉልበቴን መታኝ፤ ሁለተኛው ሽማግሌ ሳቃቸውን በሳል አለፉት። አያችሁ? በንዴቴ እንኳን ይሳቃል። ልጁ ጥግ ላይ ቆሞ ነበር።

«ጋሼ፣ ኢትስ ኦኬ» አለኝ። «ላይክ፣ ሌላ ዌይ እንፈልጋለን። ያንተ ጥፋት አይደለም።»

ያንተ ጥፋት አይደለም ሲለኝ ነው የኔ ጥፋት እንደሆነ የገባኝ። እኔ ወድቄ ያሳደግኩት ልጅ በእኔ መውደቅ ሚስት ሊያጣ ነው። ባለቤቴ ተነሳች። ብርጭቆውን አንስታ ታጥበው ጀመር፤ የታጠበ ብርጭቆ ነው።

አፈ ጉባኤው አሰቡ፣ አሰቡና «በሁለተኛው ቀጠሮ በሦስተኛው ሰው ቦታ እርስዎ ራስዎ ይሄዳሉ» አሉኝ። «በወረቀት አባት ነዎት፣ በዝምድና ግን አጎት ነዎት። አጎት ይሄዳል። ሰው መሆንዎን በዓይናቸው ይዩ።»

ይኸው! ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅኩት ጥሪ በዚህ ዓይነት መጣልኝ፤ ሰው መሆኔን ለማሳየት።

ልምምድ አደረግን። እውነቴን ነው፣ ሳሎናችን ውስጥ ልምምድ! አፈ ጉባኤው እንደ አዘጋጅ ተቀምጠው «ቅንድብዎን አያንቀሳቅሱ» ይሉኛል። «እያንቀሳቀስኩ አይደለም።» «እያንቀሳቀሱ ነው።» ወጉ በሚለው መሠረት ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማ አይቀመጥም፤ ቆሞ ይናገራል፣ ቆሞ ይጠብቃል። እኔ ደግሞ ቆሜ በጠበቅኩ ቁጥር ሰውነቴ የለመደው ማንቀላፋቱን ነው። «አይናገሩ፣ አይዙሩ፣ ምንም ነገር አይደገፉ» ተባልኩ። ባለቤቴ ሱፌን ተኮሰች። እነዚያ ሰዎች ጫማ ያስወልቃሉና ካልሲህ ቀዳዳ እንዳይሆን ብላ ቀጭን፣ ጥቁር፣ ሐር የሚመስል ካልሲ ገዛችልኝ። እጄን ይዛ «ምንም ቢሉህ ቻለው» አለችኝ። «ለኔ ብለህ።»

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በቫኑ ሄድን። ባለቤቴ ቤት መቀመጥ አልቻልኩም ብላ በራሷ መኪና ተከትላን መጥታ፣ ከሰውየው ሰፈር ትንሽ ወረድ ብሎ ካለ የገበያ ማዕከል ፓርክ አድርጋ ቀረች። በሩ ላይ ጫማችንን አወለቅን። ሳሎኑ ሰፊ ነው፤ ወለሉ እንጨት፣ ፊት የሚያሳይ፣ ገና በዚያው ጧት የተወለወለ። አባትየው ሱሪያቸውን ተኩሰው፣ ነጠላ ጫማ አድርገው፣ ከመሃል ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል። ከኩሽናው በር የልጅቷ እናት ብቅ አሉ። እኔን ሲያዩ ከንፈራቸውን ነከሱ፤ ወዲያው ተመለሱ። እኚህስ ፊልሞቼን አይተዋል አልኩ በሆዴ።

«ቁጭ በሉ» አሉ አባትየው።

«ጉዳይ ይዘን ነው የመጣነው፤ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ አፈ ጉባኤው።

ቆምን። አፈ ጉባኤው ንግግራቸውን ጀመሩ። እግዚአብሔርን አመሰገኑ፣ አገርን አነሱ፣ ስደትን አነሱ፣ የሁለቱን ልጆች ትምህርት አነሱ። እኔ ቅንድቤን ይዤ ቆምኩ። ጉልበቴ ይጠዘጥዘኛል፣ ፊቴ ላይ ያለው ጡንቻ ሁሉ የለመደውን ሊያደርግ ይታገለኛል፤ አልሰጠሁትም። እንደዚያ ቀን ያለ ትወና ሠርቼ አላውቅም። አባትየው አንድ ጊዜ እንኳን አላዩኝም። አፈ ጉባኤው ጨረሱ።

«ባለፈው ተናግሬያለሁ» አሉ አባትየው፣ ለአፈ ጉባኤው። «ልጁ ጥሩ ልጅ ሊሆን ይችላል። ግን ሰው ከቤቱ ነው የሚወጣው። በቴሌቪዥን ሲንከባለሉ ያየሁት ሰው ለልጄ ትዳር ምን ዋስ ይሆናል? እዚያ ቤት ውስጥ ቁም ነገር የሚባል ነገር አለ ብዬ አላምንም።»

እኔን ቢሰድቡኝ ችዬ ነበር። ምሳዬ ነው፣ ቁርሴ ነው። ግን እዚያ ቤት አሉ። እዚያ ቤት ማለት ባለቤቴ ናት። የሰው ሽንት አጥባ፣ የሰው ሬሳ ገንዛ፣ እግሯ አብጦ መጥታ ያን ልጅ ቁጭ ብላ የቤት ሥራ ያሠራችው፤ እንግሊዝኛው ሳይገባት ከእሱ ጋር እኩል ፊደል የቆጠረችው። ቁም ነገር የለም! ቻለው ያለችኝንም፣ አይናገሩ የተባልኩትንም ረሳሁት። ልነግረው ነው፤ አንቱታውን ገፍፌ፣ ከነአባቱ፣ ከነቤቱ፣ ከነሚያብለጨልጭ ወለሉ ልነግረው ነው! ጣቴን ቀሰርኩ፣ አፌን ከፈትኩ፣ ቀኝ እግሬን ወደፊት ወረወርኩ።

ያ ካልሲ።

ወለሉን ሲነካ እንደ ቅቤ ሆነ። ቀኝ እግሬ ወደ ሶፋው ሄደ፣ ግራው ወደ በሩ። ጉልበቴ ቀጭ ሲል ሰማሁት። ከዚያ በኋላ ያለውን እኔ አላደረግኩትም፤ ሰውነቴ ነው ስንት ዘመን የሠራውን የሠራው። እጅ ወደፊት ተዘረጋ፣ ሆድ ሸርተት አለ፣ አገጭ ቀና አለ፣ እስከ ሶፋው ድረስ በደረቴ ተንሸራትቼ ሄድኩና የሰውየውን ሁለት ነጠላ ጫማ ከነእግራቸው እቅፍ አደረግኩ።

ሳቁን ጠበቅኩ። ልማድ ነው፤ ከወደቅኩ በኋላ አንድ ትንፋሽ ያህል እጠብቃለሁ፣ ከዚያ ይመጣል።

አልመጣም።

«እግዚኦ!» አሉ አባትየው። እግራቸው በእቅፌ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። «ኧረ ስለ እመብርሃን! ይነሱ! ምን ማድረግዎ ነው? ይነሱ አባቴ!»

ልነሳ ሞከርኩ፤ ጉልበቴ እንቢ አለ። ልናገር ሞከርኩ፤ ትንፋሼ የለም። እንዲያው እግራቸውን አጥብቄ ይዤ አፌን ከፈት ዘጋ አደርጋለሁ። የዚያን ጊዜ ነው አፈ ጉባኤው የባንክ ሥራ አስኪያጅነታቸው የተነሳባቸው።

«ይኸው!» አሉ፣ ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ። «ጠጉሩ የነጣ ሽማግሌ እግርዎ ላይ ወድቋል። ቃል ካልሰጡ አይነሳም!»

ሁለተኛው ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሰጥቻለሁ!» አሉ አባትየው። «ሰጥቻለሁ! በሽማግሌ ፊት፣ በእግዚአብሔር ፊት ሰጥቻለሁ፤ ብቻ ይነሱልኝ!»

ከኩሽናው በኩል እልልታው ቀለጠ። የልጅቷ እናት በሩ ላይ ሆነው ሁሉን አይተዋል። አፋቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር፤ ከዚያ እጃቸውን አንስተው እልል አሉ፣ ረጅም፣ ትንፋሽ እስኪያጥራቸው። በዚያ እልልታ ውስጥ ሳቅ ይኑር አይኑር እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ጠይቄያቸውም አላውቅም።

አባትየው ራሳቸው በብብቴ ገብተው አነሱኝ። ሶፋው ላይ፣ ራሳቸው የተቀመጡበት ቦታ ላይ አስቀመጡኝ። ያ የተቆለፈ ፊት ርሷል።

«ይቅር ይበሉኝ» አሉኝ። «ቀልድ ብቻ የሚያውቁ መስሎኝ ነበር። በዚህ ዕድሜዎ ለሚስትዎ እህት ልጅ ብለው እግር ላይ ከወደቁ፣ እርስዎ ያሳደጉትን ልጅ እኔ ማን ሆኜ ነው የምመልሰው?»

እውነቱን ልንገራቸው ብዬ ነበር። ምናልባት አልነበረም። ብቻ አፌን ልከፍት ስል ልጅቷ ገባች። ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል ዓይኗን አየሁት፤ ያን ጊዜ ምን ቆርጦኝ እናገራለሁ? ዋጥኩት። ጉልበቴን ስትስመው ግን «ወይኔ!» ብዬ ጮህኩ፤ እሱንም ስሜቱ ነው አሉ።

ከዚያ በኋላ ክብር በክብር ሆነ። ቅድሚያ ለእኔ ተቀዳ፣ ቅድሚያ ለእኔ ተቆረሰ፣ ስናገር ጸጥ ተባለ። ስለ አየሩ ብናገር እንኳን ራስ ሁሉ ይነቀነቃል። በሕይወቴ የተመኘሁት ይኼው ነበር፤ አገኘሁት። ግን ምን ልዋሻችሁ፣ ሆዴ አልሞላም። በዚያ ሁሉ መድረክ፣ በዚያ ሁሉ ፊልም እንደዚያ ያለ አወዳደቅ ወድቄ አላውቅም። መነሻው፣ መንሸራተቱ፣ ጫማው ላይ ማረፉ፣ አንድ የሚነቀፍ ነገር የለው! አንድም ሰው አልሳቀም። ቫኑ ውስጥ አፈ ጉባኤው ዓይናቸውን እየጠረጉ «እንደዚህ ያለ ልመና በሽምግልና ዘመኔ አላየሁም» አሉኝ። አዛውንቱ ከምራቸው ነው። ልመታቸው ምንም አልቀረኝ።

ገበያው ጋ አወረዱኝ። ባለቤቴ ከመኪናዋ ወጥታ ቆማለች። አፈ ጉባኤው በመስኮት «ሰጥተዋል! እልል በይ!» ብለው ሄዱ። እሷ እልል አላለችም፤ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «እህቴ ሰማሽ?» አለች፣ ወደ ላይ እያየች። ከዚያ እኔን አየችና «ምን ሆነህ ነው የምታነክሰው?» አለችኝ።

«ግቢ፣ እነግርሻለሁ።»

ሃይዌይ እስክንገባ አልነገርኳትም። ከዚያ ጀመርኩ። ቅንድቤን ነገርኳት፣ ሰውየው የተናገሩትን ነገርኳት፤ እዚያ ላይ መሪውን ጨበጥ አደረገች። «ከዚያ ልሰድበው ተነሳሁ» አልኳት። «ጣቴን ቀስሬ፣ አንድ እርምጃ ወደፊት ስል… ያ የገዛሽልኝ ካልሲ…»

ቀና ብዬ አየኋት። ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል። አለቀሰች ብዬ ደነገጥኩ።

«ወድቀህ ነው?» አለች በቀጭን ድምፅ። «እንዲያው… ተንሸራተህ?»

«እስከ ሶፋው!»

«ልትሰድበው ሄደህ… እግሩ ስር?»

«ከነነጠላ ጫማው አቀፍኩት!»

ፍሬቻ አበራች፣ ጠርዝ ይዛ ቆመች። ግንባሯን መሪው ላይ ደፋችና ሳቀች። እኔ እንዲህ ያለ ሳቅ ከአዳራሽ ሙሉ ሰው ሰምቻለሁ እንጂ ከአንድ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ቀና ትልና ታየኛለች፣ ሱፌን ታያለች፣ ካልሲዬን ታያለች፣ እንደገና ትደፋለች። እንባዋ አገጯ ላይ ይንጠባጠባል፣ መሪውን በጡጫ ትመታለች፣ በስህተት ክላክስ አደረገችና እኔ ደንግጬ ዘለልኩ፤ ያን ጊዜማ ጭራሽ አቃታት።

መጀመሪያ ተቀየምኩ። «አንቺ ሴትዮ፣ ጉልበቴ እኮ አብጧል! ነርስ አይደለሽም እንዴ? ሳታውቂኝ ስወድቅ መድረክ ላይ ሮጠሽ ትወጫለሽ፣ ባልሽ ሆኜ ስወድቅ ትስቂያለሽ?»

«ዝም በል» አለችኝ፣ ትንፋሽ አጥሯት። «ዝም በልና ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ። ከበሩ ጀምር። ጫማ ካወለቃችሁበት።»

ከበሩ ጀመርኩላት። መኪኖቹ በጎናችን እየተወነጨፉ ያልፋሉ፣ መኪናችን በነፋሳቸው ይወዛወዛል። ይኼኛውን በደንብ ሠራሁት፤ ቅንድቤንም ለቀቅኩት፣ መቀመጫው ላይ ሆኜ እጄን ወደፊት ዘረጋሁ፣ አገጬን ቀና አደረግኩ፣ ሸርተት አልኩ። ነጠላ ጫማውን ያቀፍኩበት ላይ ስደርስ ቀና ብዬ አየኋት። ዓይኗን አልጨፈነችም።